የምናውቀው ቃል ሲያሳስት

ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው የማያውቀውን ቃል ነው። በቆየ ጽሑፍ ውስጥ «ፔራድቬንቸር» የሚል ሲገጥመው ይቆማል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ «ምናልባት» ማለት መሆኑን አይቶ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ቃል እንግድነቱን ራሱ ስለሚናገር ጥቂት ደቂቃ ቢያስከፍል እንጂ አያሳስትም። የሚያሳስቱት ዛሬም በየቀኑ የሚነገሩ፣ ፍቺያቸው ግን የተለወጠ ቃላት ናቸው። የሚያውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት የሚያይ የለምና።

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። «ሌት» ዛሬ መፍቀድ ነው፤ በሮሜ 1፥13 ግን መከልከል ነው። ሁለት የተለያዩ ጥንታዊ ግሦች በድምፅ ተመሳስለው ኖረው፣ የመከልከሉ ከንግግር ወጣ፤ ርዝራዡ ባለቤቱ ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ በሚጠይቀው የብሪታንያ ፓስፖርት ጽሑፍ ላይ እስካሁን አለ። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ ያኔ ግን ማንኛውም ምግብ ነበር። ስለዚህ በዘሌዋውያን 2 «ሚት ኦፈሪንግ» የተባለው መሥዋዕት ዱቄትና ዘይት እንጂ ሥጋ የለበትም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የእህል ቍርባን» ማለቱ ልክ ነው።

«ዐውዱ ያስታውቃል» የሚል አይጠፋም። ዐውድ የሚያድነው ግን የተሳሳተው ፍቺ ዓረፍተ ነገሩን ትርጉም የለሽ ሲያደርገው ነው። በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 «ፕሪቨንት» መቅደም ማለት ነው፤ በዛሬው ፍቺው «መከልከል» ተብሎ ቢነበብም በሕይወት ያሉት ሙታንን አይከለክሉም የሚል ሐሳብ ይሰጣል። በፊልጵስዩስ 1፥27 «ኮንቨርሴሽን» አኗኗር ነው፤ «ንግግር» ቢባልም ምክሩ ያው ያማረ ይመስላል። ስሕተቱ ያለ ኮሽታ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ሌላው መከራከሪያ አዳዲስ ትርጉሞች ስላሉ አሮጌውን መተው ይቻላል የሚል ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የሪቫይዝድ ስታንዳርድ ቨርሽን መቅድም በኪንግ ጄምስ ውስጥ ፍቺያቸው በእጅጉ የተለወጠ ቃላት ከ300 በላይ መሆናቸውን ገልጿል። ነገር ግን የ1611ዱ ቃል በስብከት፣ በመዝሙርና በድሮ የማብራሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም ወደ ተርጓሚው ጠረጴዛ ይመጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ጥንታዊው ፍቺ ምንጊዜም እውነተኛው ነው ማለትም ስሕተት ነው። «ናይስ» አላዋቂ ከሚል የላቲን ቃል መጥቶ በአንድ ወቅት ሞኝ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሰውን በዚህ ቃል የሚያመሰግን ግን አልተሳደበም። ፍቺውን የሚወስነው ጽሑፉ የተጻፈበት ዘመን ልማድ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ቃል በፊት መጠየቅ ያለበት ጽሑፉ መቼ ተጻፈ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል የወጣው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለየፍቺው ዓመተ ምሕረት ያለው ምሳሌ የሚያቀርበው ለዚሁ ነው። የማስረከቢያ ቀን ቀርቦ ሁሉን ማጣራት ካልተቻለ፣ ለእንግዳዎቹ ቃላት አይታሰብ፤ ፈጥነው የገቡን አጫጭር ግሦች ይቅደሙ።