እግር መሬት የሚነካበት ወንበር

አክስቴ ፊደል የቆጠሩት እስራኤል ገብተው፣ ኡልፓን ውስጥ ነው። ያኔ 50 ዓመት አልፏቸው ነበር። ከፊደሉ ይልቅ ያስገረማቸው ወንበሩ ነው፤ «ለካስ ጀርባ ደግፎ ማስተማርም አለ!» እያሉ ይስቁ ነበር። በልጅነታቸው ጥጃ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ቄሱ ዘንድ የሚማሩት ወንድሞቻቸውም ቢሆኑ ቁርበት ላይ ነበር የሚቀመጡት።

ተዝካራቸው ሲደርስ ልጆቻቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። ድግሱ ይነስና የቀረው ገንዘብ እናታችን ለተወለዱበት ቀበሌ ሕፃናት ይሁን አሉ። አንዳንድ ዘመድ ቅር አለው፤ ተዝካር በእንግዳ ነው የሚያምረው ብሎ። እኔም መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ነበርኩ፣ አልደብቅም። በኋላ ግን ከዚያው አገር የመጡ ቤተሰቦች 100 ሸቀልም 200 ሸቀልም እያሉ ጨመሩበት።

ቦታው ከጎንደር ከተማ ወጣ ያለ ገጠር ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለ«ኦ ክፍል» አንድ የጭቃ ቤት ተሰጥቷል። ኦ ክፍል ማለት ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ነው፤ እዚህ «ጋን» የምንለው፣ የጠላውን አይደለም። ከኮሮና በፊት ሄጄ ሳየው ውስጡ ባዶ ነበር። ሕፃናቱ እርጥብ ወለል ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ስህተታችን ከዚህ ዕቃ ለመላክ ማሰባችን ነው። መጫወቻ በካርቶን ሞላን። ግማሹ በዕብራይስጥ የሚናገር፣ ባትሪ የሚፈልግ ነው። የማጓጓዣው ዋጋ ሲነገረን ግን እዚያው ክፍሉን በሙሉ የሚያሟላ ገንዘብ ሆኖ አገኘነው። ካርቶኖቹ ዛሬም አንድ ሚክላት ውስጥ ተከምረዋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ለአናጺ በስልክ ነግረን ሦስት ሦስት ልጅ የሚያስቀምጥ 12 ዴስክ አሠራን። ፎቶው ሲመጣ የሁሉም እግር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አንዲት ልጅማ አገጯ ከጠረጴዛው ጫፍ እኩል ነው። ለካ አናጺው የሠራው በትልልቆቹ ልክ ኖሯል። ምን ያድርግ፣ ልኩን የነገረው የለም።

መምህርቷ «ብትጠይቁኝ ኖሮ» ብቻ አለችን። ከዚያ ሕፃናቱን አሰልፋ ከጉልበት እስከ ተረከዝ በገመድ ለካች። 28 ሳንቲም ሜትር ገደማ ሆነ። አናጺው እግሮቹን በመጋዝ ቆረጣቸው፤ ቁርጥራጩንም አለስልሶ ለልጆቹ መደርደሪያ መጫወቻ አደረገው። እንዲህ ያለ ነገር ያሰባችሁ ካላችሁ ከገንዘቡ በፊት መምህሩን አነጋግሩ፤ እኛ በሁለት ጥፋት ነው የተማርነው።

ቀሪውን እሷ በላከችልን ዝርዝር አወጣነው። መጀመሪያ የጻፈችው መጫወቻ አልነበረም፤ የበር ቁልፍ ነው። ከዚያ ለወለሉ ሲሚንቶ፣ ለግድግዳው ኖራ፣ የፊደል ገበታ፣ ሰሌን፣ እጅ መታጠቢያ የሚሆን ባለቧንቧ ጀሪካን። ለመቁጠሪያ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ ቆርኪና ባቄላ አለኝ አለች።

አሁን በክልሉ ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ያም አንዱ ነው። ስልክ እንደ ድሮው አይገኝም። በቅርቡ አንድ ቀን ሲሠራ መምህርቷን አገኘናት። መጀመሪያ ስለ ጤናዋ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ጠየቅናት። ስለ ዕቃው ማንሳት አፍረን ነበር፣ እሷው አነሳችው። ባዶ ክፍል ውስጥ እንዳይጠፋ ብለው ወላጆች አንድ አንድ ዴስክ ተሸክመው ወደየቤታቸው ወስደዋል። ማን እንደወሰደ ደብተር ላይ በስም ጽፋለች፤ 12 ዴስክ፣ 12 ቤት። ልጆቹ እዚያው ቤታቸው እየተቀመጡበት ነው።