የራሳችሁን ካርድ ልትሠሩ ነው? አንድ ቁጥር ጌሙን ሙሉ ሊገድለው ይችላል

ሰፈር ውስጥ ክራዚ የተጫወተ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ካርታው ታድሎ ሊጀመር ሲል አንዱ «ቆይ፣ እዚህ 2 ይደራረባል ወይስ አይደራረብም?» ይላል። አንዱ «ይደራረባል»፣ ሌላው «ኧረ በጭራሽ!»። ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል።

ቀልድ ይመስላል እንጂ ይሄ የጌም ዲዛይን ክርክር ነው። አንድ ትንሽ ሕግ ስትቀይሩ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የተሸነፈው ልጅ «አንድ ዙር እንድገም» ይበል ወይስ ተናዶ ይነሣ፣ ሁሉም ይቀየራል።

ዛሬ የምናወራው ይህንን ሥራ በቁም ነገር ስለያዙ ሰዎች ነው። ለሚወዱት የካርድ ጌም የራሳቸውን ካርዶችና ሕጎች ስለሚፈጥሩ አድናቂዎች። ምሳሌያችን ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

🔹 መጀመሪያ ጌሙን በአጭሩ

ማጂክ በ1993 ወጣ። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ምሁር ነው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው በ20 ነጥብ «ሕይወት» እና በ7 ካርድ ይጀምራሉ። ዴካቸው ቢያንስ 60 ካርድ ነው። «ላንድ» የሚባሉት ካርዶች «ማና» ይሰጣሉ፣ በማና ደግሞ ሌሎቹን ካርዶች «ትገዛላችሁ»። ፍጡሮች ሁለት ቁጥር አላቸው። 2/3 ካለ የመምታት ጉልበቱ 2፣ የመቋቋም አቅሙ 3 ነው ማለት ነው። ካርዶቹ አምስት ቀለም አላቸው፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። እያንዳንዱ ቀለም የሚችለውም የማይችለውም ነገር አለ።

«መካኒክ» ስንል ጋራዥ ያለውን ሰውዬ አይደለም። በብዙ ካርዶች ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ዓይነት ሕግ ነው። ለምሳሌ «በራሪ» የሆነን ፍጡር መከላከል የሚችለው በአብዛኛው ሌላ በራሪ ብቻ ነው። አንድ ቃል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ካርዶች ላይ።

🔹 ትምህርት 1፦ 3 ሁልጊዜ 3 አይደለም

በመጀመሪያው የማጂክ ስብስብ ውስጥ አምስት ወንድማማች ካርዶች አሉ። ሁሉም ዋጋቸው አንድ ማና ነው፣ ሁሉም የሚሰጡት ከአንድ ነገር ሦስት ነው።

▪️ ቀዩ፣ ላይትኒንግ ቦልት፦ 3 ጉዳት
▪️ አረንጓዴው፣ ጃያንት ግሮውዝ፦ ለአንድ ፍጡር እስከ ተራው መጨረሻ +3/+3
▪️ ጥቁሩ፣ ዳርክ ሪቹዋል፦ 3 ማና
▪️ ነጩ፣ ሂሊንግ ሳልቭ፦ 3 ሕይወት ማግኘት ወይም 3 ጉዳት መከላከል
▪️ ሰማያዊው፣ አንሴስትራል ሪኮል፦ 3 ካርድ መሳብ

ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው አይደል? በተግባር ግን ሂሊንግ ሳልቭን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንሴስትራል ሪኮል ደግሞ በታሪክ ኃይለኛ ከሚባሉት ዘጠኝ ካርዶች አንዱ ሆነ። ዛሬ ቪንቴጅ በሚባለው የውድድር ዓይነት በአንድ ዴክ ውስጥ አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 3 ሕይወት ሽንፈትን ትንሽ ያዘገያል፣ በቃ። 3 ካርድ ግን 3 አዲስ ምርጫ ነው። ማጥቂያም፣ መከላከያም፣ የማሸነፊያ መንገድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መካኒክ ስታስቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይሰጣል?» ሳይሆን «የሚሰጠው ነገር በዚህ ጌም ውስጥ ምን ያህል ውድ ነው?» የሚለው ነው።

🔹 ትምህርት 2፦ ከሌላው ጋር የማይኖር መካኒክ

በ2004 በወጣው የካሚጋዋ ስብስብ «ስፕላይስ» የሚባል መካኒክ ነበር። በእጃችሁ ያለውን ካርድ ሳትጥሉ ጽሑፉን ሌላ ካርድ ላይ ትቀጥላላችሁ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ችግሩ የሚቀጠለው «አርኬን» የሚል ስያሜ ባላቸው ካርዶች ላይ መሆኑ ነው። አርኬን ደግሞ የዚያ ዓለም ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ10 ዓመት ውስጥ የሰበሰባችሁት ካርድ ሁሉ አይጠቅማችሁም። ዲዛይነሮች ይህን ዓይነቱን «ጥገኛ» መካኒክ ይሉታል።

በ2009 በዜንዲካር የመጣው «ላንድፎል» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ላንድ ባስቀመጣችሁ ቁጥር አንድ ጥሩ ነገር ይከሰታል። ላንድ ደግሞ ሁሉም ዴክ ውስጥ ማለት ይቻላል አለ፣ ሁሉም ተጫዋች ያስቀምጠዋል። መካኒኩ አዲስ ነገር አድርጉ አላለም። ድሮም የምታደርጉትን ነገር አስደሳች አደረገው።

የእናንተ ስብስብ በጓደኞቻችሁ ካርዶች መሀል ገብቶ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ላንድፎልን አስቡ።

🔹 እስቲ አንድ አብረን እንሥራ

ሐሳቡን ከምናውቀው ሕይወት እናምጣ፦ ዕቁብ። ሁሉም ያዋጣል፣ አንዱ ይወስዳል።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ «በተራችሁ መጀመሪያ፣ ዕቁብ ያለው እያንዳንዱ ፍጡር ከመካከላቸው ለመረጣችሁት አንድ ፍጡር ቋሚ +1/+1 ይሰጣል።»

ሲያነቡት ደስ ይላል። እናስላው። አራት የዕቁብ ፍጡር ካላችሁ በየተራው 4 ጭማሪ፣ በሦስት ተራ 12። ማን ከፈለ? ማንም! ነጻ ነው። ሰው ቀድሞ ከመራ ይበልጥ ይመራል፣ ሌላኛው ልጅ ቁጭ ብሎ ሽንፈቱን ይመለከታል። እውነተኛው ዕቁብ እኮ ከኪስ ይወጣል።

ሁለተኛ ሙከራ፦ «በተራችሁ፣ ውጊያ ከመጀመሩ በፊት ይህን ፍጡር ታፕ ማድረግ ትችላላችሁ። ካደረጋችሁ ሌላ አንድ ፍጡራችሁ እስከ ተራው መጨረሻ +1/+1 ያገኛል።»

ታፕ ማለት ካርዱን ወደ ጎን ማጋደም ነው። የተጋደመ ፍጡር አያጠቃም፣ ተቃራኒያችሁ መልሶ ሲያጠቃም መከላከል አይችልም። አሁን ዋጋ አለው። ግን እንደገና እናስላ። 2/2 ፍጡር ራሱ ቢያጠቃ 2 ይመታል። ቢያዋጣ የሚጨምረው 1 ነው። ማን ያዋጣል? ማንም። ማንም የማይጠቀምበት መካኒክ ደግሞ የሞተ መካኒክ ነው።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ጭማሪውን +2/+2 እናድርገው። አሁን 2/2 ፍጡር ቢያጠቃም ቢያዋጣም ጉዳቱ 2 ነው፣ ሁኔታው ግን ይለያያል። ጉልበቱን አንዱ ላይ ከሰበሰባችሁ ያ ፍጡር ከውጊያው በሕይወት ይመለሳል። በሌላ በኩል አንድ ተከላካይ ያቆመዋል። ይባስ ብሎ ተቃራኒያችሁ መዋጮው ከመድረሱ በፊት በላይትኒንግ ቦልት ቢገድለው መዋጮው ሁሉ ውሃ በላው። እዚህ ላይ ነው ተጫዋቹ ቆም ብሎ የሚያስበው። የፈለግነውም ይህችን ቆም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዕቁብ በተራ ይደርሳል፣ እኛ ጋ ግን ተራው ጠፍቷል። የቀረው ሁሉም ለአንድ ቀን ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ ማገዝ ነው። ይሄማ ዕቁብ አይደለም፣ ደቦ ነው! ስሙን እንቀይረው። ስም ለጌጥ አይደለም። ስሙ ከሕጉ ጋር ከገጠመ ተጫዋቹ ጽሑፉን ሳያነብ ያስታውሰዋል። ካልገጠመ በየተራው «ቆይ ምን ነበር የሚያደርገው?» እያለ ካርዱን ያነሣል።

🔹 አሁን ራሳችሁ ስበሩት

ካርዱን ስትሠሩት ወላጅ ናችሁ። ስትሞክሩት ግን ጠላት ሁኑ።

ደቦን እንስበረው። ሦስት አዋጪዎችና አንድ 2/2 በራሪ አሉን እንበል። በራሪው 8/8 ይሆናል። ተቃራኒው በራሪ ከሌለው በየተራው 8 ይመታል፣ 20 ሕይወት በሦስት ተራ አለቀ። መፍትሔው ምንድን ነው? «ደቦ ለደቦ ፍጡር ብቻ» ብንል ቅድም የሸሸነው ጥገኛ መካኒክ ይሆናል። የተሻለው መካኒኩን በራሪ እምብዛም በሌላቸው አረንጓዴና ቀይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቀለሞቹ ለውበት ብቻ አይደሉም፣ አጥርም ናቸው።

ሌላ ቀዳዳም አለ። ማጂክ ውስጥ አሁን የገባ ፍጡር በዚያው ተራ ማጥቃት አይችልም። ማዋጣትስ? ከላይ የጻፍነው ጽሑፍ አልከለከለም። መፍቀድም መከልከልም ይቻላል፣ ግን ወስናችሁ ካርዱ ላይ ጻፉት። አለዚያ የክራዚው ክርክር ይመለስባችኋል።

«ኧረ ይሄን ያህል መጠንቀቅ ለምን?» ካላችሁ ባለሙያዎቹም ይሳሳታሉ። ሁለት ምሳሌ፦

▪️ ስከልክላምፕ (2004)። ዋጋው 1 ማና የሆነ መሣሪያ ነው፣ ፍጡር ላይ ለማሰር ሌላ 1 ማና። ለፍጡሩ +1/−1 ይሰጣል፣ ፍጡሩ ሲሞት 2 ካርድ ትስባላችሁ። ያ −1 የገባው ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል ነበር፣ በቂ ሙከራም አልተደረገበትም። ቅጣት ይመስላል፣ ግን 1/1 ፍጡር ላይ ስታስሩት ወዲያው ይሞታል። ማለትም በየ1 ማናው 2 ካርድ! የአንሴስትራል ሪኮልን ነገር አስታወሳችሁ? ካርዱ የወጣው በየካቲት ገደማ ነው፣ ሰኔ ላይ ስታንዳርድ ከሚባለው ውድድር ታገደ።

▪️ ኮምፓኒየን (2020)። ዴካችሁ አንድ ቅድመ ሁኔታ ካሟላ አንድ ልዩ ፍጡር ከዴኩ ውጪ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሳይሳብ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ልክ እንደ ስምንተኛ ካርድ። ከነሱ አንዱ ሉረስ ይባላል። ቪንቴጅ ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ካርድን «አንድ ብቻ ያዙ» ብሎ ነው የሚገታው። ኮምፓኒየን ግን ድሮም የሚያስፈልገው አንድ ፍሬ ነው! ስለዚህ ከነጭራሹ ታገደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የመካኒኩ ሕግ ራሱ ተቀየረ፣ ፍጡሩን ወደ እጅ ለማስገባት መጀመሪያ 3 ማና መክፈል ግድ ሆነ።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። ቁጥር ከቀየራችሁ፣ አንድም ብትሆን፣ እንደገና ተጫወቱ።

🔹 ጀማሪውን አትርሱት

በ2011 የማጂክ ዋና ዲዛይነር ማርክ ሮዝዋተር «ኒው ወርልድ ኦርደር» ያሉትን አሠራር በጽሑፍ አስረዱ። ቁም ነገሩ፦ ጀማሪ ሰው በብዛት የሚያገኘው ተራዎቹን፣ «ኮመን» የሚባሉትን ካርዶች ነው። ስለዚህ ኮመኖች ቀላል ይሁኑ፣ ውስብስቡ ብርቅ ወደሆኑት ካርዶች ይሂድ።

የእኛም ደቦ ኮመን ላይ ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ። «ደቦ ባደረጋችሁ ቁጥር ካርድ ሳቡ» ዓይነቱ ለብርቅዬዎቹ ይቆይ። ጓደኛችሁ አራት አዲስ መካኒክ በአንድ ቀን ከተጫነበት ሁለተኛ አይመጣም። ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ወይም ሁለት መካኒክ ይበቃል።

🔹 በምን ልጀምር?

▪️ ዲዛይን ሶፍትዌር አትጠብቁ። ወረቀት ቆርጣችሁ በእስክሪብቶ ጻፉና የድሮ ካርታ ላይ ለጥፉ። ካርዱ ያላማረ ሲሆን ለመቅደድ አያሳዝንም፣ ይሄ ጥቅም ነው።
▪️ በ20 ካርድ ጀምሩ። ሙሉ ስብስብ በኋላ ይደርሳል።
▪️ ጓደኞቻችሁ ሲጫወቱ አፋችሁን ዝጉ። ካርዱን ካላስረዳችሁ የማይገባቸው ከሆነ ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው።
▪️ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ያሞግሷችኋል። «የትኛው ካርድ እጃችሁ ላይ ሳይወጣ ቀረ?» በሉ።
▪️ ኮምፒውተር ካላችሁ ማጂክ ሴት ኤዲተር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን መልክ ያሠራል። ኮካትሪስ ላይ ደግሞ የራሳችሁን ካርድ አስገብታችሁ ሩቅ ካለ ጓደኛ ጋር መጫወት ትችላላችሁ።
▪️ ለአድናቂዎች የሚፈቀደው በነጻ ማካፈል ነው፣ መሸጥ አይደለም። የሰው ሥዕልም ያለ ፈቃድ አትውሰዱ።

🔹 የት ያደርሳል?

ጋርፊልድ ጌሙን ሲሠራ የሞከሩለት ጓደኞቹና የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሞካሪዎች የራሳቸውን ስብስብ መሥራት ጀመሩ። አይስ ኤጅ (1995) እና ሚራጅ (1996) ከእነሱ እጅ የወጡ ናቸው።

ኋላ ላይ ኩባንያው የዲዛይነር ፍለጋ ውድድር አዘጋጀ። የሁለተኛው ዙር አሸናፊ ኢታን ፍላይሸር ለውድድሩ ካቀረባቸው መካኒኮች አንዱ «ኢቮልቭ» ነበር። ከፍጡራችሁ በጉልበት ወይም በአቅም የሚበልጥ አዲስ ፍጡር በገባላችሁ ቁጥር፣ የመጀመሪያው +1/+1 ያድጋል። ሰውየው ተቀጠረ፣ መካኒኩም በ2013 ጌትክራሽ በተባለው ስብስብ ላይ ታትሞ ወጣ። ልክ እንደ ላንድፎል ነው፦ ፍጡር ማውጣት ድሮም የሚደረግ ነገር ነው፣ እሱ አስደሳች አደረገው።

የእናንተ ካርድ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ግን ቅዳሜ ከሰዓት አራት ጓደኞቻችሁ በእናንተ ወረቀት ተጫውተው «አንድ ዙር እንድገም» ካሉ፣ መካኒኩ ሠርቷል ማለት ነው።

የራሳችሁ የመካኒክ ሐሳብ አላችሁ? በሁለት መስመር ኮሜንት ላይ ጻፉት። ከሥር ያላችሁ ደግሞ፣ ስበሩት 😄