ከትከሻ የሚተኮስ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል

ከትከሻ የሚተኮስ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል አንድ ወታደር ተሸክሞት ሊንቀሳቀስ የሚችል፣ ዝቅ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖችንና ሄሊኮፕተሮችን መትቶ ለመጣል የተሠራ የአጭር ርቀት የአየር መከላከያ መሣሪያ ነው። ትልልቆቹ የአየር መከላከያ ሚሳይሎች ራዳር፣ የማዘዣ ጣቢያና ከባድ ተሽከርካሪ ሲያስፈልጋቸው፣ ለዚህኛው የተኳሹ ዓይንና ትከሻ ይበቃዋል። ለእግረኛ ጦር ጠቃሚ ያደረገው ይህ ቀላልነቱ ነው፤ ከሠራዊት እጅ ሲወጣ ለቁጥጥር አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከታወቁት ዓይነቶች መካከል የሶቭየት ኅብረት ስትሬላና ኢግላ፣ የአሜሪካ ስቲንገር እንዲሁም የብሪታንያ ስታርስትሪክ ይገኛሉ።

ክፍሎቹ

መሣሪያው ሚሳይሉን፣ ሚሳይሉ የታሸገበትን ቱቦ፣ ምላጭ ያለውን መያዣና ባትሪውን ያካትታል። ለምሳሌ የስቲንገር ሚሳይል 1.52 ሜትር ርዝመትና 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከነማስወንጨፊያው ወደ 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እስከ 4.8 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ርቀት ይሸፍናል። ባትሪው ከተቀሰቀሰ በኋላ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ተኳሹ በፍጥነት መወሰን አለበት።

አሠራሩ

አብዛኞቹ ሚሳይሎች ዒላማቸውን የሚያገኙት በሙቀት ነው። ትኩስ ነገር ሁሉ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል፤ በሚሳይሉ አፍንጫ ላይ ያለው መሣሪያም ይህን ጨረር ይለያል። ተኳሹ አውሮፕላኑ ላይ አነጣጥሮ ሚሳይሉ ዒላማውን መያዙን የሚያሳውቀውን ድምፅ ሲሰማ ምላጩን ይስባል። በመጀመሪያ ትንሽ ሞተር ሚሳይሉን ከቱቦው ይገፋዋል። ዋናው ሞተር የሚነሣው ሚሳይሉ ከተኳሹ ጥቂት ሜትሮች ከራቀ በኋላ ስለሆነ እሳቱ ተኳሹን አያቃጥለውም።

ከዚያ በኋላ ሚሳይሉ ራሱን ይመራል። የሚበረውም አውሮፕላኑ አሁን ወዳለበት ቦታ ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ነው። ረጅም ኳስ የተላከለት አጥቂ ኳሱ ወደሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ እንደሚሮጥ ሁሉ፣ ሚሳይሉም አውሮፕላኑ የሚታይበት አቅጣጫ እንዳይለወጥ ጉዞውን እያስተካከለ ከፊቱ ይገናኘዋል።

ታሪክ

አሜሪካ ሬድአይ የተባለውን፣ ሶቭየት ኅብረት ደግሞ ስትሬላ 2ን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠሩ። ስትሬላ በሩስኛ ፍላጻ ማለት ነው። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1969 በእስራኤል አውሮፕላኖች ላይ ተጠቅማበታለች። የመጀመሪያው ትውልድ ሁለት ድክመቶች ነበሩት። አንደኛ፣ የሚያየው የሞተሩን ትኩስ ጭስ ማውጫ ብቻ ስለሆነ የሚተኮሰው ከኋላ ነበር። ሁለተኛ፣ ፈንጂው ትንሽ በመሆኑ የተመቱ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ጅራታቸው ተጎድቶ ይመለሱ ነበር። እስራኤልም በስካይሆክ አውሮፕላኖቿ ጭስ ማውጫ ላይ መቀጠያ ቧንቧ በመግጠም ፍንዳታው ከዋናው አካል እንዲርቅ አድርጋለች።

እ.ኤ.አ. በ1981 አገልግሎት ላይ የዋለው ስቲንገር የሙቀት መለያውን በጋዝ ስለሚያቀዘቅዝ ደካማ ሙቀትንም ይለያል፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላንን ከፊት ለፊት ጭምር መምታት ይችላል። አሜሪካ ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 ለአፍጋኒስታን ተዋጊዎች ሰጠች። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በጃላላባድ አካባቢ የሶቭየት ሄሊኮፕተሮች ተመትተው ወደቁ። አብራሪዎችም ከሚሳይሉ ለመራቅ ከፍ ብለው መብረር ጀመሩ፤ ነገር ግን ከፍ ባሉ ቁጥር ቦምብን ዒላማ ላይ መጣል ከበዳቸው። ስለዚህ መሣሪያው አውሮፕላን ባይጥልም የአየር ኃይልን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል።

መከላከያው

አውሮፕላኖች በመጀመሪያ የተጠቀሙት ፍሌር የሚባሉ፣ እየነደዱ የሚወድቁና ከሞተሩ ይልቅ የሚሞቁ ማታለያዎችን ነው። የኋለኞቹ ሚሳይሎች ግን ማታለያውን ከሞተር ለመለየት እንዲችሉ ተደርገዋል። ለዚህ ምላሽ የሚሳይሉን ዓይን በሌዘር የሚያደናግሩ መሣሪያዎች ተሠሩ። የስዊድኑ አርቢኤስ 70ና የብሪታንያው ስታርስትሪክ በተቃራኒው ሙቀት አይከተሉም። ተኳሹ በሚያነጣጥረው ሌዘር ስለሚመሩ በፍሌር አይታለሉም፤ ሆኖም ተኳሹ እስከ መጨረሻው ማነጣጠር ይኖርበታል።

በሲቪል በረራ ላይ ያለው አደጋ

የመንገደኞች አውሮፕላን በሚነሣበትና በሚያርፍበት ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶና መስመሩ እየታወቀ ይበራል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 3 ቀን 1978 በሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ከካሪባ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን በስትሬላ ሚሳይል ተመትቶ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 28 ቀን 2002 ከሞምባሳ ወደ ቴል አቪቭ በተነሣ የእስራኤል አውሮፕላን ላይ ሁለት ሚሳይሎች ተተኮሱ፤ ሁለቱም ስለሳቱ መንገደኞቹ በሰላም ደረሱ። በቀጣዩ ዓመት በባግዳድ አንድ የጭነት አውሮፕላን ክንፉን ተመትቶ የመሪ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ኃይል ሁሉ ጠፋ። ሦስቱ የበረራ ሠራተኞች የሁለቱን ሞተሮች ኃይል ብቻ እየጨመሩና እየቀነሱ አውሮፕላኑን አሳርፈው ተርፈዋል።

ቁጥጥር

ሚሳይሉን ማስታጠቅ ቀላል ሲሆን መመለሱ ከባድ ነው። ከአፍጋኒስታን ጦርነት በኋላ አሜሪካ ያልተተኮሱትን ስቲንገሮች መልሳ ለመግዛት ብትሞክርም ሁሉንም አላገኘችም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊቢያ መንግሥት ሲወድቅም የጦር መጋዘኖች ተዘርፈው ብዙ ሚሳይሎች ተወስደዋል። የዋሰናር ስምምነት አባል አገሮች ሚሳይሉ ለመንግሥታት ብቻ እንዲሸጥ፣ እያንዳንዱ በመለያ ቁጥሩ እንዲቆጠርና ሚሳይሉ ከመተኮሻ መያዣው ተለይቶ እንዲቀመጥ ተስማምተዋል። የመጨረሻው ደንብ ሌባ አንዱን ቢያገኝ እንኳ ሌላው ክፍል ሳይኖረው እንዳይተኩስ የታሰበ ነው።