ፕሮጀክት የቱ ነው? የዘወትር ሥራስ?

ዛሬ የምናነበው ስለ ፕሮጀክት ነው። ቃሉ የባዕድ ነው፤ ነገሩ ግን የእናንተው ነው።

በጭሮ፣ በድሮ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ዙሪያ ጉዛን የማያውቅ የለም። ማሽላው ሲታረም ገበሬው ጎረቤቶቹን ይጠራል። ቀኑ ይታወቃል። ማሳው ይታወቃል። ምሳና ጫት የሚያቀርበውም ይታወቃል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ፕሮጀክትም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው።

ዕድር ግን መጨረሻ የለውም። አፎሻ የምትሉትም ያው ነው። መዋጮ መሰብሰብ፣ መቅበር፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት የዘወትር ሥራው ነው። ይኸው ዕድር የዕቃ ቤት ልሥራ ቢል ግን ያ ቤት ፕሮጀክት ነው።

"ታዲያ ብንለየው ምን ይጠቅመናል?" ትሉ ይሆናል። እንዴት መሰላችሁ፣ የቤቱና የቀብሩ ገንዘብ ከተደባለቀ፣ ቆርቆሮ በተገዛ ማግስት ሰው ቢሞት ለከፈን የሚሆን ይታጣል። ስለዚህ ሁለት ደብተር ያዙ። ለቤቱም አንድ ኃላፊ ሰይሙ። "ሁላችንም እንሠራዋለን" የተባለውን ማንም አይሠራውም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዙር የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ዙር መጀመሪያም ማብቂያም ነበረው። ነገር ግን ፊደል የለየ ሰው ካላነበበ ይረሳል። ለዚህ ነው ድኅረ መሠረተ ትምህርትና የንባብ ቤቶች የተከተሉት።

ውሃም እንዲሁ ነው። እንበልና ሰፈራችሁ ቦኖ አስገባ። ቧንቧው ተዘረጋ፣ ውሃው ወጣ፣ ተጨበጨበ። ኮሚቴውም ተበተነ። ከስድስት ወር በኋላ ቧንቧው ተሰበረ። አሁን ማን ይጠግነው? በምን ገንዘብ? እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ቦኖ ማስገባቱ ፕሮጀክት ነበር፤ ቦኖውን መጠበቁ ግን የዘወትር ሥራ ነው። ሳንቲም የሚሰበስበውንና የሚጠግነውን ሰው ቁፋሮው ሳይጀመር ምረጡ።

አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሩን ራሳችሁ ክፈቱና ጻፉበት፦ ምን እንሠራለን? መቼ ያልቃል? ኃላፊው ማን ነው? ካለቀ በኋላ ማን ይረከበዋል? የመጨረሻው መልስ ካልተገኘ ሲሚንቶ አትግዙ።