ካርዱ ሞቷል ያለው ማነው?

ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ቤት አስገባችሁ እንበል። አዲስ ዊንዶውስ ተጫነበት፤ ስክሪኑ ፏ አለ፤ ሙዚቃውም ተከፈተ። ኢንተርኔት ልግባ ስትሉ ግን ጸጥ! ኬብሉ ተሰክቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን «ኔትወርክ ካርድ የሚባል ነገር አላየሁም» ብሎ ድርቅ። የሥራ ማመልከቻ የሚዘጋው ነገ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጥገና ቤት ስትሄዱ ፍርዱ አጭር ነው፦ «ካርዱ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ።»

ቆይ! ገንዘባችሁን አታውጡ። ብዙ ጊዜ ካርዱ በሕይወት አለ፤ የጠፋው አስተርጓሚው ነው። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ካርዱ አሮጌ፣ ዊንዶውሱ አዲስ ሲሆን አስተርጓሚው አብሮ ላይመጣ ይችላል።

የጥንቶቹ እንኳ ጠባያቸው የባሰ ነበር። በአይኤስኤ ሶኬት የሚሰኩት እነ ኤንኢ2000 ራሳቸውን አያስተዋውቁም፤ የሚገኙበትን አድራሻ ባለቤቱ ራሱ መሙላት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 «ሰክተህ ተጠቀም» የሚል ተስፋ ይዞ ሲመጣ ፈረንጆቹ ራሳቸው «ሰክተህ ጸልይ» እያሉ ቀለዱበት።

የፒሲአይ ካርዶች ግን ጨዋ ናቸው፤ ስማቸውን ሲጠየቁ ይናገራሉ። ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ በሉ። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ አንዱ የፋብሪካው፣ ሌላው የሞዴሉ። ፋብሪካው 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው (የዝነኛ ፕሮሰሰሩን ስም መለያው አደረገው፤ ኩራት ነዋ!)። 10ኢሲ ካለ ሪያልቴክ ነው፤ ከጎኑ 8139 ካለ ደግሞ በርካሽ ካርዶች ላይ ሞልቶ የነበረው ቺፕ ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ድራይቨር የሚፈለገው በዚህ ነው፤ በካርዱ ቀለም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለ32 ቢት የተሠራ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከድሮ ኤክስፒ ሲዲው ቢሰጣችሁ አትገረሙ፤ አይሆንም። «ድራይቨር ሁሉ በነጻ» የሚሉትን ፕሮግራሞችም አትመኑ፤ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የኮምፒውተሩ ወይም የቺፑ ሠሪ ድረ ገጽ ይሻላል።

ኢንተርኔት ሳይኖር ድራይቨር ከየት ይወርዳል? ከስልካችሁ! ስልኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። እምቢ ካለ ፍላሽ ይዛችሁ ኢንተርኔት ካፌ።

ቢጫ ምልክቱም ከሌለ፣ ካርዱ ጭራሽ ካልታየስ? ኮምፒውተሩን አጥፉና ገመዱን ከመብራት ንቀሉ። ካርዱን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጥረጉ፤ ብናኙን አራግፋችሁ ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራ ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ ተዘግቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

የመጨረሻው ፈተና ሊኑክስ ነው። መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሽ ይነሳል፤ 8139ን የመሰሉ አሮጌ ካርዶችንም ያለ ምንም ልመና ያውቃል። በሱ በኩል ኢንተርኔቱ ከተከፈተ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ጥገና ቤቱ ጋ ተመልሳችሁ የምትሉትን እናንተ ታውቃላችሁ።