ከሐረር ወደ ጅቡቲ ለስኩባ ዳይቪንግ የሚደረግ ጉዞ፦ ከዝግጅት እስከ መልስ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ስኩባ ዳይቪንግ በጀርባ በሚታዘል የአየር ሲሊንደር በመታገዝ ወደ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ ስፖርት ነው። ለሐረርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በባቡርም ሆነ በመኪና ሊደረስበት የሚችለው የዚህ ስፖርት መዳረሻ ጎረቤት አገር ጅቡቲ ነው። ይህ ጽሑፍ ለጉዞው የሚያስፈልጉ ሰነዶችን፣ የሚያዙ ዕቃዎችንና የጉዞ ዕቅድ አወጣጥን ያብራራል። በተለይም ከፍተኛ ቦታ ላይ በምትገኝ ከተማ የሚኖር ሰው ከባሕር ወደ ቤቱ ሲመለስ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ በዝርዝር ያቀርባል።

የመዳረሻውና የወቅቱ ምርጫ

ጀማሪ ጠላቂዎች በአብዛኛው የሚሄዱት ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደሚደረስባቸው ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ነው። ደሴቶቹ የሚገኙት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ አካባቢ ሲሆን በኮራል አለቶቻቸው ይታወቃሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ በአርታ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ስለሚታይ የጎብኚዎች ቁጥር ይጨምራል። ይህ ዓሣ ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት በመሆናቸው ለሰው አደገኛ አይደለም። በባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ የሚገኙት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ግን ብርቱ የውሃ ሞገድ ስላለባቸው ልምድ ላላቸው ጠላቂዎች ብቻ የሚመከሩ ናቸው። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው በቅድሚያ ወቅታዊውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ይኖርበታል።

የሐምሌና የነሐሴ ወራት በጅቡቲ እጅግ ሞቃታማና ነፋሻማ ስለሆኑ ለጀማሪዎች አመቺ አይደሉም።

ከጉዞ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው ሰነዶች

ፓስፖርት፦ ከመነሻው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ሊሆን ይገባል። ማመልከቻ የሚቀርበው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የኦንላይን ሥርዓት አማካይነት ነው። ፓስፖርት ለማግኘት ወይም ለማደስ ጊዜ ስለሚወስድ የባቡር ቲኬትም ሆነ የሆቴል ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይህ ጉዳይ መጠናቀቅ አለበት።

ቪዛ፦ የጅቡቲን የመግቢያ መስፈርት በአዲስ አበባ ከሚገኘው የጅቡቲ ኤምባሲ ወይም ከአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አገልግሎት ማረጋገጥ ይገባል።

የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፦ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ተጓዦች በድንበር ላይ ቢጫ ካርድ ሊጠየቁ ይችላሉ። ካርዱ ሕጋዊ የሚሆነው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የዕድሜ ልክ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል።

የጠላቂነት ምስክር ወረቀት፦ ሥልጠና ያጠናቀቀ ሰው የምስክር ወረቀቱንና የጥለቃ መዝገቡን መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ደረጃ ምስክር ወረቀት በአብዛኛው እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ለመውረድ ይፈቅዳል። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ደግሞ በቦታው በአሠልጣኝ አጃቢነት ሊጀምር ይችላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል።

የጤና ሁኔታ፦ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ከሐኪም ፈቃድ ሳያገኝ መጥለቅ የለበትም። የጥለቃ ድርጅቶች የሚያስሞሉትን የጤና መጠይቅ በእውነት መሙላት የራስን ሕይወት መጠበቅ ነው። ጅቡቲ የወባ ሥጋት ያለባት አገር ስለሆነች የመከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ለመጥለቅ ማሰቡን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ሜፍሎኩዊን የተባለው መድኃኒት ማዞርን የመሰሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ስላሉት ለጠላቂዎች አይመከርም።

የጉዞ መድን፦ አብዛኛው መደበኛ የጉዞ መድን በጥለቃ ምክንያት የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጥለቃና የአስቸኳይ ሕክምና መጓጓዣ በውሉ ውስጥ በግልጽ መጠቀሳቸውን ማየት ያስፈልጋል።

የሚያዙና የሚተው ዕቃዎች

የአየር ሲሊንደርና የእርሳስ ክብደት በመዳረሻው ስለሚከራዩ ከአገር ይዞ መሄድ አያስፈልግም። የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ የመተንፈሻ መሣሪያ (ሬጉሌተር) እና የእግር መቅዘፊያም አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ይገኛሉ። በአንጻሩ የፊት ማስክ ከፊት ቅርጽ ጋር ካልገጠመ ውሃ ስለሚያስገባ በራስ ልክ የተመረጠ ቢሆን ይመረጣል። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች በልካቸው የተሠራ ሌንስ ያለውን ማስክ ቀደም ብለው ማዘጋጀት አለባቸው። ከዚህ በተጨማሪ ቀጭን የመጥለቂያ ልብስ፣ የጥልቀትና የጊዜ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና በቂ የመጠጥ ውሃ መያዣ ያስፈልጋሉ።

በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን የሚጓዙ ሰዎች የሚከተሉትን ማስታወስ አለባቸው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ዕቃ መጫኛ ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዛል። መጠኑ ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ ከሆነም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የጠላቂ ቢላዋ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ ቦርሳ መያዝ የለበትም።

የራሱን መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው የግዢ ደረሰኙን መያዝና ዕቃውን በመውጫው ጉምሩክ ማሳወቅ ይኖርበታል። ይህም በመመለሻው ዕቃው እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ እንዳይቆጠር ይረዳል።

የመልሱ ጉዞ፦ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክፍል

ሰው በውሃ ውስጥ በወረደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። በየ10 ሜትሩ የሚጨምረው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ነው። በዚህ ግፊት ሥር የሚተነፈሰው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ከውሃ ከተወጣ በኋላም ቀስ በቀስ ከሰውነት ይወጣል። ናይትሮጅኑ በበቂ ሁኔታ ሳይወጣ የአየር ግፊቱ ወደቀነሰበት ከፍተኛ ቦታ ከተሄደ፣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሊፈጠር ይችላል። የግፊት መቀነስ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ሕመሙ ሽባነትን፣ አልፎ አልፎም ሞትን ሊያስከትል ይችላል።

በዚህ ምክንያት ጠላቂዎች ከጥለቃ በኋላ ወዲያው በአውሮፕላን እንዳይሳፈሩ በሥልጠና ወቅት ይነገራቸዋል። ሆኖም ማስጠንቀቂያው በየብስ ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣትንም እንደሚጨምር ብዙዎች አያስተውሉም። የአውሮፕላን ውስጣዊ የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሐረር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከድሬዳዋ በደንገጎና በሐረማያ በኩል ወደ ሐረር የሚያመራው መንገድ በበኩሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለሆነም ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ወደ ሐረር የሚመለስ ጠላቂ አውሮፕላን ባይሳፈርም እንደ ተሳፈረ ሊቆጠር ይገባል። ወደ ባሕሩ ሲወረድ ግን ተመሳሳይ ችግር የለም።

በተግባር ላይ ያሉት መመሪያዎች የሚከተለውን የዕረፍት ጊዜ ይመክራሉ፦

• አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣
• በአንድ ቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት፣
• ወደ ላይ ሲወጣ በግዴታ የመቆያ ማረፊያ ያደረገ ሰው ከ18 ሰዓት እጅግ የሚበልጥ ጊዜ።

ለሐረር ተጓዦች ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ያለ ጥለቃ ማሳለፍ ነው። ለምሳሌ የመጨረሻው ጥለቃ ሐሙስ ከሆነ ዓርብ በጅቡቲ ከተማ ይታረፋል፤ ጉዞው ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል። በዚህ የዕረፍት ቀን በጅቡቲ ውስጥ ወደሚገኙ ተራራማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወደ ዴይ ደን ወይም ከፍታ ላይ ወደምትገኘው የአርታ ከተማ መውጣት ተገቢ አይደለም። የባቡር የጉዞ ቀናት ሊለዋወጡ ስለሚችሉ የመመለሻው ቀን በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም የጥለቃው ዕቅድ ከመመለሻው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወጣል። ባቡሩ እንዳያመልጥ ተብሎ የዕረፍቱን ሰዓት ማሳጠር አይገባም።

በቂ ውሃ መጠጣትና በቂ እንቅልፍ መተኛትም ከጥንቃቄው ክፍሎች ናቸው። በጥለቃ ቀናት አልኮልና ጫት መወሰድ የለባቸውም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍንም ይነሳል።

የሕመም ምልክት ሲታይ

የሕመሙ ምልክቶች የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ መቆጣት፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማዞር፣ የእጅና የእግር መዛል ወይም የመተንፈስ ችግር ሊሆኑ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቶቹ ከጥለቃ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ይታያሉ። ተጓዡ በድካም ወይም በሻንጣ ክብደት የመጣ ሕመም ነው ብሎ ማለፍ የለበትም።

ምልክቱ በጅቡቲ ከታየ ጉዞው ይቆማል፤ የጥለቃ ድርጅቱና የመድን ሰጪው የአስቸኳይ መስመር ወዲያው ይጠራሉ። የአስቸኳይ መስመሩ ቁጥርና በአቅራቢያ የሚገኘው የግፊት ሕክምና ክፍል አድራሻ ከመጀመሪያው ጥለቃ በፊት ተጠይቆ መያዝ አለበት። ምልክቱ በድሬዳዋ ከታየ ወደ ደንገጎ አቀበት መውጣት አይገባም፤ በዚያው በድሬዳዋ፣ ለምሳሌ በድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሕክምና መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐረር ከተደረሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ የጤና ተቋም ሳይዘገዩ መሄድ ይገባል። በየትኛውም ቦታ ታማሚው በጀርባው ተጋድሞ ንጹሕ ኦክስጅን እንዲያገኝ ይደረጋል። ለሐኪሙ በመጀመሪያ ሊነገር የሚገባውም ታማሚው መጥለቁ፣ የጠለቀበት ጥልቀትና ከውሃ የወጣበት ሰዓት ነው። ይህ ካልተነገረ ሕመሙ ከሌላ በሽታ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ፓስፖርት የጠፋበት፣ አደጋ የደረሰበት ወይም ሌላ የቆንስላ ድጋፍ የሚፈልግ ዜጋ በጅቡቲ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማመልከት ይችላል። ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት የፓስፖርታቸውን ቅጂ፣ የሚያርፉበትን ሆቴል አድራሻ፣ የመጨረሻውን የጥለቃ ቀንና የመመለሻቸውን ቀን ለቤተሰብ ትተው እንዲሄዱ ይመከራል።