ወይን በወይና ደጋ፤ ከጎንደር እስከ ጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ

የአገራችን ገበሬ ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ ይከፍላል። ከእነዚህ ስሞች የተክል ስም የያዘው መካከለኛው ብቻ ነው። ወይና ደጋ ማለት፣ ብዙዎች እንደሚፈቱት፣ ወይን የሚስማማው ደጋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዚሁ የአየር ጠባይ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ሰው ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ኑግና በየጓሮው ጌሾ ያያል እንጂ የወይን አትክልት አያገኝም። አገሩ በብዛት ባልተተከለ ተክል ስም ስለ ምን ተጠራ? ይህን ለመመርመር የጣና ዙሪያ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ወይኑም ስሙም እዚያው ይገናኛሉና።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከዚያ በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ብዙም ሳይርቅ ከደምብያ ሜዳ ይደርሳል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ከሜዳው ማዶ ጣና ተዘርግቶ ይታያል፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታውም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የአገሩ ሰው ሐይቁን ባሕር ማለቱ፣ በደቡቡ ጫፍ ያለችውንም ከተማ ባሕር ዳር ብሎ መሰየሙ ለእንግዳ የተጋነነ ይመስለው ይሆናል። ከጎርጎራ ዳር ቆሞ ማዶውን ለማየት የሞከረ ግን ስሙ አይበዛበትም። ጎርጎራ ዐፄ ሱስንዮስ የከተሙባት፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተባት ናት። በዚህ ዳርቻ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሥራውም ወይጦዎች ስመ ጥር ናቸው።

ወይኑ ግን በደምብያ ሜዳ ላይ አይፈለግም። ሥሩ ውኃ የቋጠረ መሬት ስለማይስማማው ተዳፋትና ድንጋያማ ስፍራ ይሻል። እንዲህ ያለው ስፍራ የሚገኘው ከጎንደር በማክሰኝት አድርጎ ወደ እንፍራዝ በሚወስደው መንገድ፣ ተራራው ወደ ሐይቁ በሚያዘቀዝቅበት በምሥራቁ በኩል ነው። እይታው ከጎንደር ዙሪያ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ምእት ዓመት የጉዛራን ግንብ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ማሠራታቸው ሐይቁንና ሜዳውን አንድ ጊዜ ለመመልከት ያስችላል። ከዚያ አልፎ የፎገራ ሜዳ ሲጀምር፣ ከተራራው ግርጌ ይፋግና ቃሮዳ ይገኛሉ፤ በወይናቸው ስማቸው የተነሣው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስም የቃሮዳን ወይን ጠቅሷል። ይፋግ በ19ኛው ምእት ዓመት ትልቅ ገበያ ስለ ነበር ምርቱ የሚወጣበት መንገድ አልጠፋም። በየካቲት 1535 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1543) ኢማም አሕመድ የወደቀበት፣ ዐፄ ገላውዴዎስም ድል ያደረጉበት ጦርነት ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ መደረጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ስሙ በዚህ አካባቢ የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቦታ መጠሪያም ነበርና።

ታዲያ ወይኑ ለምን ከጥቂት ተዳፋቶች አልወጣም? መልሱን በመሬቱ ብቻ ሳይሆን በቤተ ልሔም ውስጥ መፈለግ ይሻላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቍርባን ከወይን ፍሬ በቀር ሌላ መጠጥ አይገባም። ይሁን እንጂ የሚፈለገው በጋን የተጠመቀ ወይን አይደለም፤ ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ ይጨምቀዋል። በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ልማድ አይቶ ጽፏል። ዘቢብ ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ቀላል ስለ ሆነም በቅሎ ላይ ተጭኖ ሩቅ አገር ይደርሳል። ስለዚህ ወይን የማይበቅልበት የስሜን ደብርም ቅዳሴው አይታጐልበትም፤ ጥቂት እፍኝ ዘቢብ ብዙ ቅዳሴ ያደርሳልና። እያንዳንዱ ደብር የራሱን ወይን እንዲተክል ያስገደደው ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ለግብርና ለሰርግ የሚሆነውን ጽዋ ደግሞ ጠጅና ጠላ ሞልተውታል። ማሩ ከደጋው፣ ጌሾው ከጓሮ ይገኛል፤ ጠጅ በመኳንንት ማዕድ ክብር ያለው መጠጥ ሆኖ ሳለ ለወይን የሚለቀቅ ወንበር አልነበረም። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው፤ ግእዙ ተክሉንም መጠጡንም ወይን ሲል፣ አማርኛችን መጠጡን ወይን ጠጅ ብሎ በጠጅ አማካይነት ይረዳዋል። ከሕዝቡም ብዙው ወይን ጠጅን የሚያውቀው በመጠጥነቱ ሳይሆን በቀለሙ ነው።

የአየሩም ነገር መታለፍ የለበትም። ወይን በአውሮፓ በብርድ ወራት ያንቀላፋል፤ በእኛ ወይና ደጋ ግን የሚያስተኛው ውርጭ የለም፤ ስለዚህ ገበሬው በመግረዝ ካላስገደደው በቅጠል ይበዛል፣ በፍሬ ያንሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ሻጋታ ያመጣል፤ ፍሬው በበጋ እንዲበስል የመግረዣው ጊዜ መታወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የማይቻል ግን አይደለም። 1,640 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ የተተከለው ሰፊ የወይን እርሻ ጠጁን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። ቦታው ወይና ደጋ ከሚባለው፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ወሰን ውስጥ ነው። በእኔ አስተያየት ስሙ አገሩ በወይን ተሸፍኖ ነበር አይልም፤ ወይን ቢተከል የሚይዝበትን ከፍታ ይመሰክራል እንጂ።

በጣና ዳር ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ዋና ሰብል ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሮ ታንኳውንም ዓሣ አጥማጁንም አስቸግሯል። ተማሪዎች ወደ ይፋግና ወደ ቃሮዳ ሲወርዱ ተክሉን ብቻ አይፈልጉ። ከወይን ጋራ የተያያዙ የእርሻና የእርከን ስሞችን፣ የየደብሩን ዘቢብ ያቀርብ የነበረው ማን እንደ ሆነና በምን ግዴታ እንደ ነበረ፣ የመግረዣው ወር በየትኛው በዓል ይቈጠር እንደ ነበር ከሽማግሌዎችና ከካህናት ይጠይቁ፤ የቦታ ስሞቹንም በካርታ ላይ ያኑሩ።